በኮምቦልቻ መጋዘናችን ያስገባነው የሳተላይት ኢንተርኔት፦ የአሥራ አራት ወራት ግምገማ

ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ዳር በሚገኘው መጋዘናችን የሳተላይት ኢንተርኔት ካስገባን አሥራ አራት ወራት ሆነን። የእህልና የአልሚ ምግብ ገቢና ወጪ በየቀኑ አዲስ አበባ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት መድረስ አለበት፤ የምንጠቀምበት የፋይበር መስመር ግን በመንገድ ቁፋሮ እየተቆረጠ ሪፖርቱን በፍላሽ ይዘን ደሴ ድረስ የምንወጣበት ቀን በዝቶ ነበር። ሳተላይት የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው፤ ኮምፒውተሮቹንና ኔትወርኩን የምከታተለው እኔ ስለሆንኩ የአገልግሎቱን በጎና ክፉ ጎን ከማንም በላይ አይቻለሁ። የአቅራቢውን ስም አልጠቅስም፤ የምነቅፈው ነገር በአብዛኛው ብዙ ደንበኞች በሚጋሩት በማንኛውም የቪሳት (በትንሽ ዲሽ የሚሠራ የሳተላይት ግንኙነት) አገልግሎት ላይ የሚያጋጥም ነው፤ አንባቢም ሊገዛ ሲያስብ ስሙን ሳይሆን ጉዳዩን ቢያውቅ ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፤ አገልግሎቱ ዛሬ ጥሩ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ አምስት ወራት ግን አሰልቺ ነበሩ፤ በመካከል የተለወጠው ደግሞ የገዛነው ፍጥነት ሳይሆን ዳታው ለመውጣት ተራ የሚጠብቅበት የወረፋ አያያዝ ነው።

የገዛነው ጥቅል በወረቀት ላይ ወደ እኛ ለሚመጣው ዳታ 4 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ከእኛ ለሚወጣው ደግሞ 1 ሜጋቢት በሰከንድ ይላል። ከቁጥሮቹ ፊት «እስከ» የምትል ቃል አለች፤ በውሉ ሦስተኛ ገጽ ላይም «1 ለ 20» የሚል የመጋሪያ ምጣኔ ተጽፏል። ትርጉሙ፣ ለእኛ የተቆጠረውን አቅም እስከ ሃያ የሚደርሱ ደንበኞች ይጋሩታል ማለት ነው፤ ሃያውም በአንድ ቅጽበት ቢነሡ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 200 ኪሎቢት በሰከንድ መቀበያና 50 ኪሎቢት በሰከንድ መላኪያ ይሆናል። ይህን እንደ ማታለል አልቆጥረውም። የተለመደ ትራንስፖንደር፣ ማለትም ሳተላይቱ ላይ ምልክት ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፈው መሣሪያ፣ የሚይዘው 36 ሜጋኸርዝ ያህል የሞገድ ስፋት ሲሆን አንድ ጨረር የሚሸፍነውም ሰፊ ግዛት ስለሆነ፣ አቅሙን ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ማስቀመጥ ዋጋውን ከአቅማችን በላይ ያወጣዋል፤ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ስለማይጠቀም መጋራቱ በአብዛኛው ሰዓት ያዋጣል። ቅር ያሰኘኝ ሌላ ነው። ሻጩን «ሰው ሲበዛ አቅሙ በምን ሥርዓት ይከፋፈላል? የተጠራቀመው ዳታስ የት ቆሞ ይጠብቃል?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ፍጥነቱ አራት ሜጋ ነው» የሚለውን መልስ ሦስት ጊዜ ደገመልኝ።

የርቀቱን ነገር ባጭሩ ልለፈው፤ ማንም ሊለውጠው አይችልምና። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቆሞ ከምድር ጋር እኩል ይዞራል። አንድ መልእክት ወጥቶ እስኪወርድ ከ71,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚጓዝ፣ በብርሃን ፍጥነት እንኳ 240 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ ጥያቄው ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ደግሞ ይህ እጥፍ ይሆናል። የመሣሪያዎቹ ሥራ ሲጨመርበት እኛ ጋ መስመሩ ጭር ባለ ሰዓት ፒንግ (የአንድ አጭር መልእክት የደርሶ መልስ ጊዜ መለኪያ) 620 ሚሊ ሰከንድ ያሳያል። ደሴና ኮምቦልቻ በ11 ዲግሪ ሰሜን አካባቢ ስለሚገኙ በእኛ አቅጣጫ ያለ ሳተላይት ሰማይ ላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ዲሹን ለመትከል የዙሪያው ተራራ አላስቸገረንም።

ብዙ ሰው የማያውቀው መዘግየት በመላኪያው በኩል ያለው ነው። የእኛ ሞደም እንዳሻው አይልክም፤ በብዙ ጣቢያዎች መካከል ጊዜ ተቆራርሶ ስለሚታደል፣ የሚልከው ነገር ሲመጣለት መጀመሪያ ከአቅራቢው ማዕከላዊ ጣቢያ ድርሻ ይጠይቃል፣ ጥያቄውም ያን ሁሉ ሰማይ ወጥቶ ወርዶ፣ ፈቃዱም በዚያው መንገድ ተመልሶ ነው ዳታው መውጣት የሚጀምረው። ጥያቄዎቹ ሳይቀጣጠሩ በአንድ የጋራ መስመር ላይ ሲላኩ ሊጋጩ ይችላሉ። የዚህ አሠራር አባት የሃዋይ ዩኒቨርሲቲው ኖርማን አብራምሰን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ ያስጀመሩት አሎሃኔት ነው፤ በመጀመሪያው ዘዴ ሁሉም እንደፈለገ ሲልክ መስመሩ ከአቅሙ ሊጠቅም የሚችለው ቢበዛ 18 በመቶ ገደማ ብቻ መሆኑ፣ ጊዜው በእኩል ክፍል ሲሸነሸን ደግሞ ወደ 37 በመቶ ከፍ ማለቱ በሒሳብ ተረጋግጧል። ስለዚህ ጥያቄው ግጭት ሊያጋጥመው በሚችለው የጋራ መስመር፣ ዳታው ግን በተሰጠው ድርሻ ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት፣ በተለይም ወር ሲያልቅ፣ መስመራችን የሚዝለው በጨረሩ ሥር ያሉ የማናያቸው ጎረቤቶቻችንም እንደ እኛ ሪፖርት ስለሚልኩ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር ልምጣ። ሰኔ 30 ቀን የዓመቱ ቆጠራ ተጠናቅቆ፣ የ400 ኪሎባይት የኤክሴል ፋይል ብቻ ለመላክ ቀርቶናል። ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ለአርባ ደቂቃ ያህል ፋይሉ አልሄድ አለ፤ ኢሜሉ ይሞክራል፣ ያቋርጣል፣ እንደገና ይሞክራል። የመጋዘን ኃላፊው፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የደሴ ሰው፣ ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡና «አብሽር ልጄ፣ ዝናቡ ሲያባራ ይሄዳል» አሉኝ። የሚያስገርመው ግን በዚያ ሰዓት ዝናብ አልነበረም። ፒንግ ብከፍት 8,700 ሚሊ ሰከንድ አሳየኝ። ሳተላይቱ ከቦታው አልተነሣም፤ ያ ስምንት ሰከንድ ከዲሹ ሥር፣ ከራሳችን ሞደም ውስጥ የተፈጠረ ነበር።

ነገሩን ስመረምረው የትራንስፖርት ክፍሉ ባልደረባ ስልክ የቀኑን የጭነት መኪና ፎቶዎች በራሱ ጊዜ ወደ መጠባበቂያ ማከማቻ እየጫነ ነው። መቶ ሃያ ፎቶ፣ እያንዳንዱ 3 ሜጋባይት ገደማ፤ በ1 ሜጋቢት መስመር ብቻውን ቢሄድ እንኳ 48 ደቂቃ የሚፈጅ ጭነት ነው። ስልኩ ዳታውን ለሞደሙ የሚሰጠው ሞደሙ ወደ ሰማይ ከሚልክበት ፍጥነት እጅግ ቀድሞ ነው፤ ሞደሙም ምንም ላለመጣል ሁሉንም ተቀብሎ ያስቀምጣል። በ1 ሜጋቢት በሰከንድ የሚወጣ መስመር ላይ ስምንት ሰከንድ የሚያስጠብቅ ወረፋ ማለት 1 ሜጋባይት ያህል ውዝፍ ዳታ ሞደሙ ውስጥ ተደርድሯል ማለት ነው። የኢንተርኔቱ ዋና የመላኪያ ሥርዓት ቲሲፒ ደግሞ በተለመደው አሠራሩ መንገዱ መጨናነቁን የሚያውቀው ፓኬት፣ ማለትም ተቆራርሶ ከሚላከው ዳታ አንዱ ቁራጭ፣ ሲጠፋ ነው፤ ምንም ካልጠፋበት ማከማቻው እስኪሞላ መግፋቱን ይቀጥላል። ከመጠን ያለፈ ማከማቻ የሚያመጣውን ይህን ጣጣ አሜሪካዊው ጂም ጌቲስ እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ «በፈርብሎት» ብሎ ሰይሞታል። አንድ ሰው እንዳይጣልበት የተያዘለት ዳታ የሁሉንም ሥራ ያስቆማል።

ልጅ ሆኜ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ወፍጮ ቤት ስላክ የነበረው ትዝ ይለኛል። ከፊቴ ሁለት ኩንታል ጤፍ ያስጫነ ነጋዴ ቆሟል፤ እኔ የያዝኩት ለበሶ የተቆላች አንዲት ሳፋ ገብስ ናት። በወረፋው ደንብ ከሄድን ነጋዴው እስኪጨርስ ቆሜ መምሸቴ ነው። የወፍጮው ባለቤት ግን ሳፋዬን አየት አድርጎ «እቺን ላሳልፋትና» ይልና ይፈጭልኛል፤ ነጋዴው በሁለት ደቂቃ አይጎዳም፣ እኔም ሳይመሽ ቤቴ እገባለሁ። ሞደማችን ይህን የማያውቅ ወፍጮ ቤት ነው። ቀድሞ የደረሰው ቀድሞ ይፈጫል፤ 400 ኪሎባይቷ ሪፖርት ከ360 ሜጋባይቱ ፎቶ ኋላ ትቆማለች።

መፍትሔው ወረፋውን ከሞደሙ አውጥቶ እኛ ወደምናዝዝበት ቦታ ማምጣት ነው። ደሴ ፒያሳ ካለ የኮምፒውተር ሱቅ የላትቪያው ማይክሮቲክ የሚሠራውን «ሄክስ» የተባለ ባለ አምስት ወደብ ትንሽ ራውተር ገዛሁ፤ ከሞደሙና የቢሮውን ኮምፒውተሮች ከሚያገናኘው ስዊች መካከል አስገባሁት። ከሰባተኛው የራውተር ኦኤስ (የማይክሮቲክ ራውተሮች የሚሠሩበት ሶፍትዌር) ትውልድ ጀምሮ «ኬክ» የተባለው የወረፋ ዘዴ አብሮት ስላለ ተጨማሪ ነገር መጫን አያስፈልግም። ኬክ እ.ኤ.አ. በ2012 ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን ካወጡት «ኮዴል» ከተባለው ዘዴ የመጣ ነው፤ ኮዴል የሚመለከተው የወረፋውን ርዝመት ሳይሆን እያንዳንዱ ፓኬት ስንት ጊዜ እንደቆመ ነው፤ መቆሙ ከበዛ ጥቂት ፓኬት ጥሎ ላኪውን ቀስ እንዲል ያስጠነቅቀዋል። ኬክ በዚያ ላይ ወረፋውን በላኪ በላኪው ይለያይና ትንሽ የያዘውን ያሳልፋል፤ ወፍጮ ቤቱ የነበረው ልማድ በትክክል።

በኮምቦልቻ አደባባይ ላይ ያሉ ካፌዎች ይህንኑ ራውተር ስለሚያውቁት ማዋቀር የሚችል ባለሙያ አይጠፋም፤ ለሳተላይት የሚያስፈልገው ማስተካከያ ግን የተለየ ነው። የኮዴል መነሻ ልክ አንድ መልእክት ሄዶ እስኪመለስ 100 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል ብሎ ያስባል፤ እኛ ጋ ደግሞ ባዶው መስመር ብቻ 620 ነው። ልኩ እንዳለ ከተተወ ላኪው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ምላሽ ሳይሰጥ ሌላ ፓኬት ይጣልበታል፣ ፍጥነቱም ያለ ምክንያት ይወርዳል። ኬክ ለዚህ የተዘጋጀ ምርጫ አለው፤ «ሳተላይት» የሚለውን ስንመርጥ ልኩን ወደ አንድ ሰከንድ ያወጣዋል። ሠሪዎቹ በፕላኔቶች መካከል ለሚደረግ ግንኙነት የሚሆን ምርጫም ጨምረውበታል፤ ለመጋዘናችን እስካሁን አላስፈለገንም።

የመውጫውን ገደብ 850 ኪሎቢት፣ የመግቢያውን 3.4 ሜጋቢት አደረግኩት፤ ማለትም ከውሉ 85 በመቶ። ገደቡ ሁልጊዜ ከሞደሙ ፍጥነት ማነስ አለበት፤ አለበለዚያ ወረፋው ተመልሶ ሞደሙ ውስጥ ይገባል፣ እኛም የባዶ በር ዘበኛ እንሆናለን። ሰዎች አሥራ አምስት በመቶውን «ከሰርን» ይሉኛል፤ እኔ ግን ከዚያች ማታ በኋላ በደስታ እከፍለዋለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ስሕተት ሠርቻለሁ፤ ራውተሩ የውስጥ አድራሻዎችን ወደ አንድ የውጭ አድራሻ ስለሚቀይር ኬክ ሁላችንንም እንደ አንድ ሰው ቆጥሮን፣ ብዙ መስመር የከፈተ ስልክ እንደገና የበላይ ሆነ። የአድራሻ ለውጡን እንዲያይ የሚያደርገው ምርጫ ከተከፈተና ክፍፍሉ በሰው ቁጥር ከተደረገ በኋላ ነው ሚዛኑ የተስተካከለው። ያንኑ የፎቶ ጭነት ሆን ብዬ አስጀምሬ ፒንግ ስለካ ከ640 እስከ 760 ሚሊ ሰከንድ ሆነ፤ የሪፖርት ፋይሏም ከአሥር ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ሄደች። የወርኃዊ ክፍያችን ያው፣ ውላችን ያው ነበር።

ክረምቱ ግን ይህን ሥራ እንደገና ፈተነው። ሐምሌና ነሐሴ በወሎ ከባድ ዝናብ የሚጥልባቸው ወራት ናቸው፤ የእኛ አገልግሎት በሚጠቀምበት ኬዩ ባንድ በተባለው የሞገድ ክልል ላይ ደግሞ ዝናብ ምልክቱን ያዳክመዋል። የዛሬዎቹ ሞደሞች እንደ ድሮው ወዲያው አይቋረጡም፤ ሰማዩ ሲጠቁር ወደ ጠንካራና ዝግ ወዳለ የአላላክ ዘዴ ዝቅ ይላሉ፣ ሲጠራ መልሰው ይወጣሉ። መስመሩ ሳይቆረጥ ፍጥነቱ ብቻ መቀነሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ግን ለእኔ ነው፤ እኔ 850 ብዬ ስወስን ሞደሙ ወደ 400 ኪሎቢት ከወረደ፣ ትርፉ ሁሉ እንደ ድሮው ሞደሙ ውስጥ ይቆለላል። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ ከሐረጎ በኩል ደመናው ተንከባልሎ ሲወርድ እያየሁ፣ ፒንግ 5,000 ሲያልፍ፣ ጋሼ ከበሩ ላይ ሆነው «አላልኩህም?» አሉኝ። በዚህኛው ቀን ልክ ነበሩ።

ለዚህ ያገኘሁት መላ ፍጹም አይደለም። ራውተሩ ላይ አጭር ትእዛዝ ጻፍኩ፤ በየአሥር ሰከንዱ ማዕከሉን ፒንግ ያደርጋል፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ከ1,500 ሚሊ ሰከንድ ካለፈ ገደቡን ወደ 400 ያወርዳል፣ ለአሥር ደቂቃ ከተረጋጋ ቀስ በቀስ ይመልሰዋል። በዝናብ ጊዜ ጥሩ ይሠራል። ችግሩ ጎረቤቶቻችን አቅሙን ሲሻሙትም በእኛ በኩል የሚታየው ምልክት ያው መሆኑ ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ገደቡ ይወርዳል፣ ምናልባትም ሳያስፈልግ። ሞደሙ በየቅጽበቱ የተፈቀደለትን ፍጥነት ለደንበኛው ራውተር ቢያሳይ ይህ ሁሉ ግምት ባላስፈለገ ነበር፤ ለእኛ የተሰጠን ሞደም ግን የምልክቱን ጥንካሬ ብቻ ነው የሚያሳየው። በምርቱ ላይ ያለኝ ትልቁ ቅሬታ ይኸው ነው።

ሌላው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ቪፒኤን፣ ማለትም ዳታን በምስጢር ቆልፎ የሚያሳልፈው ዘዴ፣ ነው። የሳተላይት ሞደሞች የርቀቱን ችግር ለማቃለል በመሀል ገብተው ለላኪው «ደርሷል» የሚል መልስ እዚሁ ከአጠገቡ ይሰጣሉ፤ ላኪውም መልሱን ከሰማይ ሳይጠብቅ መላኩን ይቀጥላል። ዋናው መሥሪያ ቤት ሁሉም ነገር በቪፒኤን ይለፍ ብሎ ባዘዘ ጊዜ የመቀበያ ፍጥነታችን ወዲያው ተንኮታኮተ፤ ዳታው ስለተቆለፈ ሞደሙ ማንን መርዳት እንዳለበት ማየት አልቻለም። በአሮጌው ልክ፣ ማለትም ላኪው መልስ ሳያገኝ 64 ኪሎባይት ብቻ እንዲልክ በሚፈቀድበት ሁኔታ፣ በ600 ሚሊ ሰከንድ ርቀት አንድ ግንኙነት ከ900 ኪሎቢት በሰከንድ በታች ይቀራል፤ መስመሩ አራት ሜጋ ሆነ አርባ ልዩነት የለውም። አዳዲስ ኮምፒውተሮች ልኩን ማስፋት ቢችሉም ከትንሽ ጀምረው በየምላሹ እያሳደጉ ስለሚሄዱ አጭር ፋይል ፍጥነቱ ላይ ሳይደርስ ያልቃል። ከብዙ ደብዳቤ በኋላ የክምችት ሥርዓቱ ብቻ በቪፒኤን እንዲያልፍ ተፈቀደልን።

ውሉ በቀን የሚፈቀድ የዳታ ልክም አለው፤ ሲታለፍ እስከ እኩለ ሌሊት ፍጥነቱ ወደ ጭላንጭል ይወርዳል። የዊንዶውስ ማሻሻያዎችን በሌሊት፣ በአንድ ኮምፒውተር አውርደን ለሌሎቹ በውስጥ መስመር ማደል ከጀመርን ወዲህ ልኩን ያለፍንበት ቀን የለም። የጥበቃ ሠራተኞቹ ስልክም ተለይቶ ትንሽ ድርሻ ተሰጥቶታል፤ መጀመሪያ አኩርፈው ነበር፣ ቴሌግራማቸው እንደማይቋረጥ ሲያዩ ግን ነገሩ ተረሳ።

የአቅራቢውን መስተንግዶ በተመለከተ ብዙ የምለው የለኝም። ስልክ ያነሣሉ፣ በነፋስ የላላውን የዲሽ ማሰሪያ ለማጥበቅ ባለሙያ በሁለተኛው ቀን ልከዋል። ሞደሙን ከመብራት መቆራረጥ የሚጠብቅ ዩፒኤስ ግን ራስዎ ይግዙ። በ550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከሚዞሩት አዳዲስ ሳተላይቶች ጋር ያነጻጸሩኝ ነበሩ፤ እነዚያ ለምድር 65 ጊዜ ያህል የቀረቡ ስለሆኑ መዘግየታቸው እጅግ ያንሳል፣ አቅማቸው ግን እነሱም የጋራ ነው፣ ወረፋም እነሱ ጋ ይሠራል።

ለማን ይሆናል ብባል፣ ሪፖርት፣ ኢሜልና የክምችት ሥርዓት ለሚጠቀም፣ ራውተሩን የሚያስተካክል ሰው ላለው መሥሪያ ቤት ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ቀኑን ሙሉ በቪዲዮ ስብሰባ ለሚያሳልፍ ግን አይሆንም፤ የድምፁ መዘግየት ሰውን ከሰው ንግግር ያናጥቃል።

ውሉን ስናድስ በደብዳቤ ሁለት ነገር ጠይቀናል፤ ጎረቤት ቢበዛም ባይበዛም ለመላኪያችን የማይነካ 256 ኪሎቢት በሰከንድ እንዲመደብልንና፣ የሞደሙ ማከማቻ ልክ እንዲቀነስልን። ባለፈው ማክሰኞ ሻጩ ደውሎ ደብዳቤውን እንዳየው ነገረኝና፣ «ለእርስዎ ብለን ወደ ስድስት ሜጋ እናሳድግልዎት?» አለኝ። መጀመሪያ ለጠየቅነው መልስ ይሰጠን አልኩት፤ ቴክኒክ ክፍሉን ጠይቆ እንደሚደውል ቃል ገብቶልኛል።